መኪናዎን ባዶ አድርገው ያስረክቡ

በጋራዣችን በር ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ማስታወቂያ ነበር፤ «መኪናዎን ባዶ አድርገው ያስረክቡ» ይላል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፊደሎቹ የተንጋደዱት ስጽፍ ተናድጄ ስለነበር ነው። አንድ ደንበኛ «ጃንጥላዬን ሰረቃችሁኝ» ብሎ ሰው ሰብስቦ ሲጮህብን ዋለና ጃንጥላው ከሦስት ቀን በኋላ አማቶቹ ቤት ተገኘ። ይቅርታ ሊጠይቅ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁት። ሲቀር ቀለምና ብሩሽ አነሳሁ። እንዲህ ነኝ፤ ንዴቴ ቶሎ መጥቶ ቶሎ ይሄዳል፣ ሲሄድ ግን አንድ ነገር ጥሎብኝ ነው የሚሄደው።

ሥራዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው። ጋራዡን የያዝነው ከአንድ መካኒክ ጋር ሁለት ሆነን ነው፤ እኔ ሽቦውን፣ እሱ ብረቱን። እሱን ሁሉም ሰው ሬዲዮ ይለዋል፤ ጠዋት አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋው የለማ። ምላሱ ቢረዝምም እጁ አይሳሳትም፣ ስለዚህ ችዬው እኖራለሁ። እሱም እኔን ችሎ ይኖራል ይባላል።

አባቴ አናጢ ነው። «ነበር» ብል ይቆጣኛል። አርባ ዓመት ሙሉ በር፣ መስኮትና ቁም ሳጥን ሲሠራ አንድም ቀን የጨረሰውን ዕቃ መልሶ ቆርጦ አያውቅም። «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» ይላል፣ ደግሞም የሚለውን ያደርጋል። ከቃል ሁሉ የሚወደው «ልክ» የሚለውን ነው። በር ገጥሞ ሲያበቃ በመዳፉ መታ ያደርገውና «ልክ ነው» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ስለዚያ በር መነጋገር የለም። እኔን ሚስማሬ ይለኛል። መጀመሪያ ሚስማር ስለማቀብለው ነበር፤ በኋላ ግን ከጠባዬ የተነሳ ይመስለኛል።

ደብል ጋቢና ፒካፕ አለው። እኔንና ታላቅ ወንድሜን ያሳደገን ያ መኪና ነው ማለት ይቻላል፤ ስንቱን ጣውላ ተሸክሟል። አሁን ግን ትልቅ ሥራ አይወስድም፣ የመኪናው ዋና ሥራም አንድ ብቻ ሆኗል፤ ማክሰኞና ዓርብ እናቴን ሆስፒታል ማድረስና መመለስ። ካለፈው ዓመት ሕመሟ ወዲህ ግራ እግሯ እንደ ድሮው አይታዘዝላትም። እግሯን እንቅስቃሴ የሚያሠሯት እዚያ ነው። እኛ ልጆቿ ስንጠይቃት መልሷ አንድ ነው፤ «ደህና ነኝ፣ ድኛለሁ።» ስንሄድ ቀድማ ተቀምጣ ትጠብቀናለች፣ ስንወጣም ከተቀመጠችበት ትሸኘናለች። ይህን ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

ከሦስት ወር በፊት አባቴ መኪናውን ይዞ ጋራዥ መጣ። «ኤቢኤስ የሚለው መብራት በራ» አለኝ። ይህ መብራት ሲበራ ፍሬኑ ይይዛል፤ ነገር ግን መንገድ ሲያንሸራትት ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚጠብቀው ነገር ሥራ አቁሟል ማለት ነው። በደረቅ መንገድ ላይ ልዩነቱ አይታወቅም። በዝናብ ግን ይታወቃል።

በሩን ስከፍተው ሰገባ የሌለው መጋዝ፣ የኮላ ቆርቆሮ፣ ትራስ፣ የእንጨት ስንጥር የሞላ ከረጢት፣ ምኑ ቅጡ። ሦስት ደንበኛ እያየ «አባዬ፣ ይሄ መኪና ነው ጓዳ?» አልኩት። «በር ላይ የተጻፈውን አታነብም? ሁለተኛ እንዲህ ሞልተህ እንዳታመጣብኝ!»

«እሺ ሚስማሬ» አለና ዕቃውን አንድ በአንድ አወረደ። አንዱን ነገር በኮቱ ጠቅልሎ በብብቱ ያዘው። ሬዲዮ «አባባ፣ ልያዝልዎት» ቢለው «ተወው ልጄ፣ ቀላል ነው» ብሎ ይዞት ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ መኪናውን ተጠርጎ፣ ተወልውሎ፣ ባዶ አድርጎ ነበር የሚያመጣልኝ። እኔም ደንበኛ ማለት እንዲህ ነው እያልኩ እኮራበት ነበር።

ኮምፒውተሩን ሰካሁ። ከኋላ ቀኝ ጎማ የሚመጣው ምልክት እየተቋረጠ ነው አለኝ። የጎማውን ፍጥነት የምታነበውን ሴንሰር አወጣሁ፣ ጭቃ ጠጥታለች፣ ጠርጌ መለስኳት። መብራቱ ጠፋ። ሰፈሩን ሁለት ጊዜ ዞርኩ፣ አልበራም። በሳምንቱ አባቴ ኮፍያውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ፤ «በራ።» አዲስ ሴንሰር ገጠምኩ። በአሥረኛው ቀን መጣ፤ «በራ።» በሦስተኛው ጊዜ ሬዲዮ ጎማውን ፈቶ ኩሽኔታውን ቀየረ፣ ሴንሰሯ የምታነበውን ጥርሳም ቀለበት አጸዳ፣ እኔም ከጎማው ሥር ያለውን የሽቦ መጋጠሚያ አዲስ አደረግሁ። ሁሉን በቴስተር ለካሁ። ሽቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ ጤነኛ ነው።

«ይሄ መኪና አንቺን ሲያይ ይድናል» አለ ሬዲዮ። «እንደ ጥርስ ሕመም ነው። ሌሊቱን ሲያንገበግብህ ያድርና የሐኪሙን በር ስታንኳኳ ይተውሃል።»

አልሳቅሁም። በአራተኛው ጊዜ አባቴ «በራ» ብቻ ብሎ አልቆመም። ማክሰኞ ዕለት በዝናብ፣ በትምህርት ቤቱ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዝ መኪናው ተንሸራቶ በእጅ ጋሪ ዕቃ የሚገፋ ሰው አጠገብ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆሟል። ማንም አላየም፤ ባይነግረኝ አላውቅም ነበር። ራሱ ነገረኝ።

እሑድ ወንድሜ ከሚኖርበት ከተማ መጣ። ሳሎን ተቀመጥን። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገርን እንደ ዕቃ ደርድሮ ያስቀምጣል እንጂ። «አባባ መንዳት ይብቃው። እማዬ እኔ ጋ ትምጣ፣ ሆስፒታሉ ከቤቴ በእግር ነው። ያለኝ አንድ ትርፍ ክፍል ስለሆነ ለሁለት አይበቃም፤ አባባ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ያያታል።»

አርባ ሁለት ዓመት አንድ ቤት የኖሩ ሰዎች ናቸው። እናቴ የአባቴን እጅ ብቻ ታይ ነበር። አባቴ «እኔ በደንብ ነው የምነዳው» አለ ቀስ ብሎ፤ «መብራቱ ነው።»

እዚህ ላይ እኔ አፌን ከፈትኩ። ሦስት ወር መኪናው ሥር ተኝቼ ጥፋቱ አልሸነፍ ብሎኝ ነበር። «አባዬ፣ እኔ ያልፈታሁት ብሎን የለም። አሁንስ ጥፋቱ ከመኪናው አይመስለኝም» አልኩት።

የተናገርኩት ነገር ገና ከአፌ ሳይርቅ ልመልሰው ፈለግሁ፣ ግን ቃልና የተደፋ ውሃ አይታፈስም። ቀድማ የተናገረችው እናቴ ነች። «አንቺ ልጅ፣ የሰውን መኪና ፍሬን ትጠግኛለሽ፤ ለምላስሽ ግን አንድም አላበጀሽለትም» አለችኝ።

አባቴ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ልክ ነች» አለ። «ሰው ሊሞት ነበር እኮ። አንድ ጊዜ ደግሞ ከበራ ቁልፉን ለሚስማሬ እሰጣታለሁ። እናንተ እንዳላችሁ ይሁን።» ወንድሜም «ቃል ነው?» አለ፣ አባቴም «ቃል ነው» አለ።

ሰኞ ጠዋት አባቴ ጋራዥ መጥቶ የኮምፔንሳቶ ቁራጭ ሰጠኝ። በአናጢ እርሳሱ መብራቱ የበራበትን ቀን ሁሉ ጽፎበታል። «ምናልባት ከጠቀመሽ ብዬ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብሎ ሄደ። ትናንት ያን ያልኩትን ሰው ነው እንግዲህ ላግዝሽ የሚለው። አንጀቴን በላው።

ቁራጩን ጠረጴዛዬ ላይ አቁሜ አነበብኩት። ማክሰኞ። ዓርብ። ማክሰኞ። ማክሰኞ። ዓርብ። ሌላ ቀን የለም። ቅዳሜ ጣውላ ሊገዛ ይወጣል፣ ሐሙስ ጓደኞቹን ሊጠይቅ ይሄዳል፣ አንድም ቀን አልበራም። «የሆስፒታሉ መንገድ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ያ መንገድ ጉድጓዱ ብዙ ነው፣ የሆነ ቦታ ሽቦውን ያንገጫግጨዋል ማለት ነው። በማግስቱ አባቴ እናቴን አድርሶ እስኪመለስ እንኳ መታገሥ አቅቶኝ ደወልኩ። «መኪናውን አላወጣሁትም» አለኝ። «ዛሬ ቀረን።» ቃሉን ፈርቶ ነው። እናቴ ሕክምናዋን የቀረችው እኔ በተናገርኩት ነው።

ረቡዕ መኪናውን አስመጥቼ ብቻዬን ወጣሁ። የሆስፒታሉን መንገድ አራት ጊዜ ተመላለስኩበት። ጉድጓድ ሲያልፈኝ እየተመለስኩ ገባሁበት። ወገቤ ተቀጠቀጠ እንጂ መብራቱ እንደሆነ አልበራም። ስመለስ ሬዲዮ ፊቴን አይቶ፣ በሕይወቱ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዝም አለ።

ዓርብ ሁለተኛ ቀጠሮ እንደማያስቀራት አውቄ ሳልነግራቸው ቤታቸው ሄድኩ። ከኋላ ተቀምጬ ከእነሱ ጋር እሄዳለሁ፣ ኮምፒውተሩ ጭኔ ላይ ይሆናል፣ የሆነውን ሁሉ በዓይኔ አያለሁ ብዬ ነው። የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ልገፋው ስል አባቴና እናቴን አየኋቸውና እጄ እዚያው ቀረ።

እናቴ ከበረንዳው እስከ መኪናው ስትመጣ እያየሁ ነው። ከዚያ በፊት ስትራመድ አይቻት የማላውቅ መሰለኝ። ግራ እግሯን ከኋላዋ እየጎተተች፣ በየሁለት እርምጃው እየቆመች፣ ስትቆም ደግሞ ጎረቤት እንዳያውቅባት ሰማይ ሰማይ እያየች። አባቴ አይጎትታትም፣ አይደግፋትም፤ ከጎኗ በእሷ ፍጥነት ይሄዳል። መኪናው ጋ ሲደርሱ ኮቱን ገልጦ ትንሽ በርጩማ አወጣ። ዝቅ ያለች፣ እግሮቿ ወደ ውጭ ዘርዘር ያሉ፣ ጠርዟ ሁሉ የተሞረደ። መሬት ላይ አስቀመጣት፣ በእግሩ ረግጦ አለመነቃነቋን አየ፣ ከዚያ ትከሻውን ዝቅ አደረገላት። እናቴ እጇን ትከሻው ላይ ጭና ወጣች። ፒካፕ ከፍ ይላል፤ እኔ በጤናዬ ዘልዬ ነው የምገባበት። እሷ ስትቀመጥ አባቴ በርጩማዋን አነሳና ከወንበሯ ሥር ገፋት። ጥርቅም ብላ ገባች። በመዳፉ መታ አደረጋት።

በሩን ገፍቼ ስገባ ሁለቱም እንደ ሌባ ደነገጡ። «አብሬያችሁ ልሂድ ብዬ ነው» አልኩ። ዓይኔ እርጥብ ነበር፤ እናቴ ንፋስ ይሆናል አለች።

ከኋላ ተቀመጥኩ። አባቴ መኪናውን አስነሳ፣ መብራቶቹ በርተው እንደ ወጉ ጠፉ። ከግቢው ወጥተን መታጠፊያው ጋ ያለችው ጉብታ ላይ ስንደርስ ቢጫው መብራት ቦግ አለ። ኤቢኤስ።

አባቴ አልተናደደም፣ አላመካኘም። ፍሬቻ አሳይቶ ጥጉን ያዘ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ቁልፉን ነቅሎ ወደ ኋላ ሳይዞር እጁን ዘረጋልኝ።

«ውሰጂ፣ ሚስማሬ። ቃል ነው።»

እናቴ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች «ልብሴን የምሰበስብበት አንድ ሁለት ቀን ስጡኝ» አለች። ደህና ነኝ በምትልበት ድምፅ ነው ያለችው።

ቁልፉ እጄ ላይ ሞቆ ነበር። እያየሁት፣ የሁሉ ነገር ሥር ማክሰኞና ዓርብ መሆኑን እያሰብኩ፣ ጆሮዬ ላይ ያ በርጩማዋ ጥርቅም ያለችበት ድምፅ ተመለሰ። ማክሰኞና ዓርብ መኪናው ውስጥ ያለው፣ ሌላ ቀን የሌለው ምንድን ነው? እኔ ጋ ሲመጣስ ተጠርጎ የሚወጣው?

«እማዬ፣ ውረጂ!» አልኩ።

«እዚሁ መንገድ ላይ ልትጥሉኝ ነው?» አለች እናቴ።

«እባክሽ፣ እማዬ። እባክሽ ውረጂ።»

አባቴ ዞሮ መጣ፣ በርጩማዋን አወጣ፣ እሷ ወረደች። ቁልፉን ሰክቼ አስነሳሁ። መብራቱ የለም። አጠፋሁና በርጩማዋን መለስኳት፣ አስነሳሁ። የለም። «አሁን ተቀመጪልኝ» አልኳት፤ በርጩማዋን አውርጄ እናቴን አሳፈርኳት፣ በርጩማዋንም መልሼ ከሥሯ ገፋኋት። እናቴ ስትደላደል ወንበሩ በክብደቷ ትንሽ ሰጠም ሲል መብራቱ ቦግ አለ። አስወረድኳት፣ አጥፍቼ አስነሳሁ፣ ጠፋ። አስቀመጥኳት፣ በራ። ሦስተኛ ጊዜ ልደግመው ስል አባቴ «በቃ፣ ደከመች» አለኝ።

በዚህ መኪና ላይ ከኋላ ቀኝ ጎማ የሚመጣው ሽቦ ወለሉን በስቶ እናቴ ከምትቀመጥበት ወንበር ሥር፣ በምንጣፉ ተሸፍኖ ነው የሚያልፈው። ምንጣፉን ገለጥኩት። የበርጩማዋ አንድ እግር ያረፈበት ቦታ ላይ ሽቦው ተደፍጥጧል። ላዩ ደህና ነው፣ ውስጡ ያለው መዳብ ግን ተበጥሷል። ሲጫኑት ይለያያል፣ ሲለቁት መልሶ ይነካካል። በቴስተር ስለካው ለዚህ ነው ጤነኛ የሆነብኝ። ለካሁት እኮ፤ ግን ባዶ መኪና ላይ ነው የለካሁት። ነገርን ከሥሩ ያለኝ ሰው ራሱ ከሥሩ አስቀምጦት ኖሯል፣ ሁለታችንም አላወቅንም።

የባሰው ደግሞ ይሄ ነው፤ ሌላ ሰው ቢሠራት ኖሮ በርጩማዋ ላላ ብላ ትንጓለል ነበር፣ ሽቦውንም ባልደፈጠጠችው። አባቴ ግን የወንበሩን ከፍታ አሥር ጊዜ ለክቶ፣ በጉዞ ላይ እንዳትንኳኳና እናቴን እንዳታስደነግጣት ብሎ በልኩ ሠራት። ጥፋቱ የመጣው ልክ ከመሆኗ ነው።

«እንግዲያው ጥፋቱ እኔ ነኛ!» አለች እናቴ። ልትስቅ ፈልጋ ነበር፣ አልሆነላትም።

«አይደለሽም። እኔ ነኝ» አልኳት። «ባዶ አምጣ ያልኩት እኔ ነኝ። በሰው ፊት ጮህኩበት። ግን ለምን ደበቃችሁኝ?»

አባቴ መሬት መሬት አየ። መልሱ የእሱ አልነበረም፣ እናቴም ይህን አውቃ ተናገረች። «እግሬን ካያችሁ ትወስዱኛላችሁ ብዬ ነው። ከቤቴ ትነቅሉኛላችሁ ብዬ። እሱን እንዳትነግራቸው ብዬ አስምዬዋለሁ። መኪናውን አንቺ ጋ ሲያመጣ በርጩማዬን ቤት ያስቀምጣታል። አልናገርም እንዳለ ሦስት ወር አንቺ ስትቆጪው ከረምሽ።»

ልጅ ስሆን ጉልበቴ ሲላጥ ታቅፋኝ ትሄድ የነበረች ሴት ናት እግሯን ከእኔ የምትደብቀው። እኔም ደግሞ እንድትደብቀኝ አድርጌ ነው የኖርኩት። «እማዬ፣ ማንም አይወስድሽም» አልኳት። «ወንድሜን ለእኔ ተይው።» ከዚያ አቀፍኳት፣ መንገድ ላይ ነው፣ ሰው እያየን ነው፣ ግድ አልነበረኝም። አባቴንም ይቅር በለኝ አልኩት። «ምን አደረግሽ?» አለኝ። ይህን የሚለው የምር ረስቶት ነው።

ለጊዜው ሽቦውን ከበርጩማዋ እግር አሽሽቼ በናስትሮ አሰርኩትና ሆስፒታል አደረስናት። አሥር ደቂቃ አረፈድን። ከሰዓት በኋላ ጋራዥ ስንገባ አባቴ መጋዙን አንሥቶ በርጩማዋን ጭኑ ላይ ገለበጣት። «ይቺን እግር አንድ ጣት ልቁረጥላት፣ ይለቃል» አለ። የጨረሰውን ዕቃ መልሶ ሊቆርጥ ነው። የአርባ ዓመት ልማዱን ሊያፈርስ ነው።

መጋዙን ከእጁ ወሰድኩት። «አይቆረጥም። እሷ ልክ ነች። የሚነሳው የእኔ ሽቦ ነው።»

የተደፈጠጠውን ቆርጬ በየድኩት፣ በሌላ መንገድ በበሩ ጠርዝ በኩል አሳለፍኩት። ሬዲዮ በርጩማዋን አገላብጦ እያየ «አባባ፣ ለእኔም አንዲት ይሥሩልኝ፤ የዚችን ልጅ ንዴት ቆሜ አልችልም» አለው። አባቴ በሳምንቱ ሠራለት።

ለወንድሜ ደወልኩና ያየሁትን ሁሉ፣ እግሯንም በርጩማዋንም ነገርኩት። ከዚያ «በርጩማዋን ከምን እንጨት ነው የሠራት?» ብሎ ጠየቀኝ። ያን ጊዜ እማዬን የመውሰዱ ነገር እንዳበቃ ገባኝ። የአናጢ ልጅ ነው እሱም።

የበሩን ማስታወቂያ ቀየርኩት። ሰሌዳውን አባቴ ሠራ፣ እኔ ሳልናደድ ጻፍኩበት፤ «መኪናዎን እንዳለ ያምጡ።» ሬዲዮ ሰዉ ሽንኩርቱንም አማቱንም ጭኖ እየመጣብን ነው እያለ ቀን በቀን ያማርራል።

ማክሰኞ ጠዋት እንደገና ሄድኩ። አባቴ በርጩማዋን ሊያወጣ ሲል ተቀበልኩት። መሬት ላይ አስቀመጥኳት፣ በእግሬ ረግጬ አየሁ፣ እሱ እንደሚያደርገው ትከሻዬን ዝቅ አደረግሁ። እናቴ አየችኝ። «ደህና ነኝ እኮ» ልትል አፏን ከፍታ ተወችውና እጇን ትከሻዬ ላይ ጣለች፣ ሙሉ ክብደቷን ሰጠችኝ። ከዚያ በፊት ተሸክሜያት አላውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ የምትሸከመኝ እሷ ነበረች። ስትቀመጥ በርጩማዋን ከሥሯ ገፋሁና በመዳፌ መታ አደረግኋት።

አባቴ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ አስነሳ። ሦስታችንም ዳሽቦርዱን አየን። መብራቱ በርቶ፣ እንደ ወጉ፣ ጠፋ።